ብረቱ ከደጃፍ አይለፍ፦ በግቢው ቶርኖ ለተከለ ልጅ የተሰጠ ምክር

ልጄ፣

አዘዞ ላይ ቶርኖ መትከልህን ስሰማ ደስ አለኝ። ቦታው ሥራ አያጣም። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወርደው መንገድ በዚሁ ያልፋል፤ የመተማውና የጎርጎራው መንገድም የሚገነጠለው ከዚሁ ነው። ከባድ መኪናው፣ ባጃጁ፣ የደምቢያ ገበሬ የውኃ ፓምፕ፣ የወፍጮ ቤቱ ዘንግ፣ ሁሉም ሲያረጅ ቶርኖ ቤት ይመጣል። ኩሽኔታ የበላውን ዘንግ በብየዳ ሞልቶ፣ በቶርኖ አስተካክሎ የሚመልስ እጅ ሁልጊዜ ይፈለጋል።

ስለ ቆረጣው የሚያስተምርህ ብዙ ታገኛለህ፤ ስለ ፍቅፋቂው የሚነግርህ ግን ጥቂት ነው። ፋብሪካ አጥር አለው፤ ልብስ መቀየሪያ ክፍልና ጠራጊ ሠራተኛ አለው። አንተ ማሽኑን የተከልኸው እናትህ እህል በምታሰጣበት፣ ታናሽ ወንድምህ በባዶ እግሩ በሚሮጥበት፣ ላሟ በምትታሰርበት ግቢ ነው። ሙያውን የመረጥህ አንተ ነህ፤ እነሱ አልመረጡትም። ስለዚህ የምክሬ ሁሉ ማሰሪያ አንድ ነው፦ ብረቱ ከሥራ ቤትህ ደጃፍ አይለፍ። የሚከተለው ሁሉ ይህን እንዴት እንደምታደርገው ነው።

1. ፍቅፋቂውን በየጠባዩ እወቀው።

ሁሉም ብረት አንድ ዓይነት ፍቅፋቂ አያወጣም፤ አያያዙም አንድ አይደለም። ለስላሳ ብረት ረጅም ጥምዝ ሆኖ ይወጣል፤ ጠርዙ ሥጋ ይቆርጣል፣ ገና ሲወጣ ደግሞ ያቃጥላል። ሰማያዊ መልክ ይዞ የወጣው 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የደረሰ ነውና ቀዝቅዟል ብለህ አትመነው። ጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰው ብረት፣ ጥምዝ አያወጣም፤ ጥቁር ዱቄትና ቅንጣት ሆኖ ይረግፋል፤ ዘይት ሲያገኝም ማሽን የሚፈጭ ጭቃ ይሆናል። ነሐስ በአጫጭር መርፌ እየተሰባበረ ርቆ ይፈናጠራል። አሉሚኒየም ስለቱ ላይ ይለጠፋል። ከሞላና ከግራይንደር የሚወጣው ብናኝ ከሁሉ የረቀቀ ነው፤ የመሳያው ድንጋይ ፍርፋሪ ስላለበት ያረፈበትን ሁሉ ይሞርዳል። ማሽኑን ከማስነሣትህ በፊት ዛሬ የሚወጣው የትኛው እንደሆነ አስብ፤ መከለያህ፣ መጥረጊያህና ማጠራቀሚያህ የሚወሰኑት በዚያ ነው።

2. ከመሰብሰብህ በፊት አሳጥረው።

ረጅም ጥምዝ የቶርኖ ቤት ዋና ጠላት ነው። ሥራውን ይዞ የሚዞረው ማንድሪኖ ላይ ይጠቀለላል፣ ያለሰለስኸውን ሥራ ይቧጥጣል፣ እጅ ይስባል። እንዲህ የሚረዝመው ብዙ ጊዜ ቆረጣው ስስ፣ ፊዱ (የስለቱ አካሄድ) ዝግተኛ ሲሆን ነው። ፊዱን ጥቂት ጨምር፤ ፍቅፋቂው ሲወፍር መታጠፍ አይችልምና ይሰበራል። ስለትህን በሞላ ስትስል ከጫፉ ጥቂት ገባ ብለህ ትንሽ ቦይ አውጣለት፤ ፍቅፋቂው እዚያ ሲደርስ በኃይል ይታጠፍና ይቆረጣል። የካርባይድ ጫፍ ከገዛህ ቦዩ ተሠርቶበት ይመጣል፤ የሚረዳህ ግን በሚገባው ፊድና ጥልቀት ስትቆርጥ ብቻ ነው። በትራፓኖ ስትበሳም ፑንታውን በአንድ ትንፋሽ አትግፋው፤ ጥቂት በስተህ መለስ አድርገው፣ ፍቅፋቂው ተቆርጦ ይወጣል።

ከማሽኑ ሥር ከላሜራ የታጠፈ ሰፊ ትሪ አኑር፤ ከኋላው ደግሞ የላሜራ መከለያ አቁም። አንድ አሮጌ በርሜል ሰንጥቀህ ብትዘረጋው ለሁለቱም ይበቃሃል፤ ጠርዙን አጥፈህ ቀጥቅጠው፣ እንዳይቆርጥህ። ትሪ ላይ የወደቀ ፍቅፋቂ ተሰብስቦ ያለቀ ነው፤ መሬት የወደቀውን ግን ቀኑን ሙሉ ስታሳድደው ትውላለህ።

3. ማሽኑ ሲዞር እጅህ አይግባ።

ፍቅፋቂ በእጅ አይነካም። ማሽኑ እየዞረ በጓንትም አይነካም፤ ጓንቱን የያዘ ፍቅፋቂ ጣትህንም ይዞ ይሄዳል። ጓንት የሚለበሰው ማሽኑ ቆሞ ስትጠርግ ነው። ለመጎተቻ ከ6 ሚሊ ብረት ክንድ የሚያህል መንጠቆ ሥራ። እጀታውን በቀለበት መልክ አትጠፈው፤ መንጠቆው በድንገት ቢሳብ ጣትህ ቀለበቱ ውስጥ ይቀራል። ቀጥ ያለ የእንጨት እጀታ አድርግለት፤ ክፉ ቀን ቢመጣ ከእጅህ ሾልኮ መሄድ አለበት። ከእጀታው ፊት ክብ ላሜራ ብትበይድበት ወደ እጅህ የሚንሸራተተውን ፍቅፋቂ ያግድልሃል።

አለባበስህንም አስብ። ጠዋት ብርድ ነው ብለህ ጋቢ ወይም ፎጣ ደርበህ ማሽን አጠገብ አትቁም። የቱታህን እጅጌ ቁልፍ ዝጋ፤ ቀለበትና ሰዓት አውልቅ። ማተብህን አሳጥረህ እሰር፣ መስቀሉንም ከልብስህ ውስጥ ክተተው፤ ከደረትህ ውጭ የሚንጠለጠል ክር ማንድሪኖው ካገኘው አንገትህን ይዞ ይጎትትሃል። ከፖሊቴክኒክ ኮሌጅ የተመረቀች ልጅ አብራህ ብትሠራ ሹሩባዋን በሻሽ አጥብቃ ትሰር።

አንድ ነገር በተለይ አደራ እልሃለሁ። መብራት ሲሄድ ማሽኑ ቆመ ብለህ ፍቅፋቂ ለማውጣት እጅህን አትስደድ። መጀመሪያ ማብሪያውን ዝጋ፣ ከዋናው መስመርም አጥፋ። መብራቱ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም፤ ማብሪያው እንደተከፈተ ከቀረ ማሽኑ እጅህ ውስጡ እያለ ይነሣል።

4. የዓይን ነገር ቀልድ አያውቅም።

መነጽር ግዛ፤ ጎኑ የተሸፈነውን። አንድ ለራስህ፣ አንድ ለረዳትህ፣ አንድ ደግሞ ሥራውን ቆሞ ለሚጠብቅ ደንበኛ። ደንበኛ አጎንብሶ ማየት ይወዳል፤ መነጽር ከሌለው ከደጅ ይጠብቅ። መነጽሩን ስትጠርግም አታውልቀው፤ ብዙ ቅንጣት ዓይን የሚገባው ከቆረጣው በኋላ፣ በመጥረጉና በማራገፉ ጊዜ ነው። ሥራ ስትጨርስ ደግሞ መጀመሪያ ፀጉርህንና ቅንድብህን ጎንበስ ብለህ አራግፍ፣ ከዚያ መነጽሩን አውልቅ።

ቅንጣት ዓይንህ ከገባ አትሸው። በንጹሕ ውኃ እጠበው። በነጠላ ጫፍ፣ በክብሪት እንጨት፣ በሰው ምላስ አይወጣም፤ የዓይን ብሌን ላይ የተጣበቀ ብረት በሰዓታት ውስጥ ዝገት ስለሚተክል የሚነቅለው የሠለጠነ እጅ ነው። ከሁሉ የሚያሰጋው በመዶሻና በስካርፔሎ ስትመታ ተፈናጥሮ የሚገባው ስንጣሪ ነው። ዓይንን ወግቶ ወደ ውስጥ ሊዘልቅ ይችላል፤ ሕመሙ ጥቂት ሆኖ ቶሎ ሊያልፍም ይችላል። «ተሻለኝ» ብለህ አትቅር። እንዲህ ያለውን ዓይን አትጠበው፣ አትጫነው፤ በንጹሕ ነገር ሳታስነካ ከልለህ በዚያው ቀን ወደ ጎንደር ሆስፒታል ሂድ። የዓይን ሕክምናው አለ፤ መንገዱም ቅርብ ነው። «የገባው ብረት ነው» ብለህ ለሐኪሙ ንገር። ውስጥ የቀረ ብረት እየዛገ ዓይንን ቀስ በቀስ ያጠፋል። ወደፊትም ኤምአርአይ ቢታዘዝልህ የብረት ሠራተኛ መሆንህን አስቀድመህ ተናገር፤ የመሣሪያው ማግኔት በዓይን ውስጥ የቀረን ብረት ያንቀሳቅሳል።

5. በአየር አትንፋ።

ከጎሚስታው ኮምፕሬሰር ተውሶ ማሽን መንፋት የብዙ ወጣት ልማድ ነው። ፈጣን ይመስላል፤ ጽዳት ግን አይደለም። አየሩ ፍቅፋቂውን አያነሣውም፣ ቦታ ያስለውጠዋል፦ ከማሽኑ ላይ ወደ ሐዲዱ ሥር፣ ወደ ኩሽኔታው፣ ወደ ሞተሩ፣ ወደ ጎረቤት ስጥ፣ ወደ ዓይንህ። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ ለጽዳት የሚውል አየር ከ30 ፒኤስአይ፣ ማለትም ከ2 ባር ገደማ በታች እንዲሆን፣ ያም መከለያና መነጽር እያለ ብቻ እንዲሆን ታዟል። የጎማ ቤት ኮምፕሬሰር ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ልብስህን በአየር ማራገፍ ደግሞ ፈጽሞ ተው፤ ኃይለኛ አየር ቁስል ካገኘ በቆዳ ሥር ይገባል፣ ቅንጣቱንም ይዞ ይገባል። ወፍራም ብሩሽ፣ የቀለም ብሩሽና ጨርቅ ይበቁሃል፤ ርካሽ ናቸው፣ የሰበሰቡትንም የት እንዳደረሱት ታያለህ።

6. የማሽኑን ሐዲድ እንደ መተዳደሪያህ ጠብቅ።

ቶርኖ ልኩን የሚጠብቀው ሐዲዱ ቀጥ ብሎ ሲቆይ ነው። በሐዲዱና በተንሸራታቹ መካከል የቀረ ቅንጣት በእያንዳንዱ ምልልስ ሐዲዱን ይበላል፤ ጉዳቱ ዛሬ አይታይም፣ ከጊዜ በኋላ ግን የሠራኸው ዘንግ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው እየሰፋ ሲሄድ ታገኘዋለህ። ሁልጊዜ ማታ ሐዲዱን በብሩሽ ጥረግ፣ በደረቅ ጨርቅ ወልውል፣ ንጹሕ ዘይት ቀባው። ቅደም ተከተሉን አታዛባ፤ ሳትጠርግ ዘይት መቀባት ቅንጣቱን ማጣበቅ ነው።

ጊዛ ከመቁረጥህ በፊት ደግሞ በተቃራኒው ነው፦ ሐዲዱን ከዘይት አድርቅ፣ ከሚዞረው አካል በራቀው በኩል በወፍራም ካርቶን ሸፍን፣ ስትጨርስ ጥረግና እንደገና ቀባ። ሞላህንና ግራይንደርህን ከቶርኖው አርቅ፤ ቢቻል ሌላ ጥግ፣ ባይቻል በመካከላቸው መጋረጃ። ግራይንደር የሚነሣ ቀን ቶርኖው ሸራ ይልበስ። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ ደግሞ የአዘዞ እርጥበት በአንድ ሌሊት ያዝገዋል፤ በክረምት ዘይቱን አወፍር፣ እርጥብ ፍቅፋቂ ትሪው ላይ አታሳድር።

7. ወለሉን ሊሾ አድርግ።

የአፈር ወለል ፍቅፋቂ ይውጣል። በእበት የተለቀለቀም ቢሆን ላዩን ብትጠርገው የገባው ገብቷል፤ ዘይቱም ይሰምጣል። ገንዘብ ስታገኝ ሁለተኛ ማሽን ከመግዛትህ በፊት ወለሉን በሲሚንቶ ሊሾ አስደርግ፤ ወደ አንድ ጥግ ጥቂት እንዲያዘነብል ለግንበኞቹ ንገር፤ በደጃፉም ላይ ጣት የሚያህል እርከን ይኑረው። ያቺ እርከን የሥራ ቤትህ ድንበር ናት። እስከዚያው አሮጌ የመኪና ጎማ ምንጣፍ ወይም ጠፍጣፋ ላሜራ ከማሽኑ ፊት ዘርጋ።

ስትጠርግ ደረቅ ብናኝ አታስነሣ። ጥቂት ሰጋቱራ በውኃ አርጥበህ በትንና አብረህ ጥረገው፤ ብናኙን ይዞልህ ይመጣል። የሞላና የግራይንደር ብናኝ ስትጠርግ ደግሞ አፍና አፍንጫህን በማስክ ሸፍን።

ማግኔት የምስኪን ሰው ትልቅ ሀብት ነው። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት በእንጨት ላይ እሰርና በፌስታል ጠቅልለው፤ ወለሉን ስትዳስስበት ብረቱ ፌስታሉ ላይ ይሰበሰባል። ከዚያ በማጠራቀሚያው ላይ ይዘህ ማግኔቱን ከፌስታሉ አውጣው፤ ብረቱ በሙሉ ይረግፋል። ነሐስን፣ አሉሚኒየምንና አብዛኛውን አይዝጌ ብረት ማግኔት አያነሣም፤ እነሱን በዓይንህና በብሩሽ ፈልግ።

8. ወደ ቤት ስትገባ ብረቱን ተወው።

የሥራ ጫማህ የሥራ ቤት ነው። ጫማው ሥር የተሰካ ፍቅፋቂ ከአንተ ጋር ተጉዞ ምንጣፍ ላይ ይቀራል፤ የሚያገኘው ደግሞ የሕፃን ጉልበት ነው። በደጃፉ ላይ ጫማህን ለውጥ። ቱታህን እዚያው አራግፈህ ስቀል፤ ሲታጠብ ለብቻው ይታጠብ፣ ከእናትህ ቀሚስና ነጠላ ጋር በአንድ ሳፋ አይዘፍዘፍ። በበዓል ቄጤማ ሲጎዘጎዝ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቅ፤ ቄጤማ ውስጥ የገባን የብረት ስንጣሪ ማንም አያየውም፣ ቡናው ዙሪያ የሚቀመጡት ደግሞ ባዶ እግራቸውን ነው።

እጅህን ተመልከት። እኛ በእጃችን የምንበላ፣ በእጃችን የምንጎራረስ ሕዝብ ነን። በቶርኖ በቀላሉ እንዲቆረጥ ተብሎ የሚሠራው ነሐስ ብዙ ጊዜ ከመቶ 2 ወይም 3 እጅ እርሳስ ይዟል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት የማይጎዳ የእርሳስ መጠን አልታወቀም ይላል። ስለዚህ ነሐስ በቆረጥህ ቀን በሥራ ቤት ውስጥ አትብላ፤ ከመብላትህና ልጅ ከማቀፍህ በፊት በሳሙና ታጠብ። ስትታጠብ መጀመሪያ ሳታሽ ውኃ አፍስስበት፣ ቅንጣቱ ይታጠብ፤ ከዚያ ሳሙናው ይከተል። በቤንዚንና በናፍጣ አትታጠብ፤ የቆዳህን ቅባት አጥቦ ለቁስልና ለእከክ ያጋልጥሃል።

ወረንጦ፣ አጉሊ መነጽርና አዮዲን ከመሣሪያ ሳጥንህ አይጥፉ። የተሰካ ስንጣሪ በዚያው ቀን ይውጣ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትህንም አስታውስ። በሽታውን የሚያመጣው ዝገት ነው ሲባል ትሰማለህ፤ የሚያመጣው ግን በአፈርና በከብት እበት ውስጥ የሚኖር ተሕዋስ ነው። ከብት ባለበት ግቢ ብረት የወጋው ሰው ቁስሉንም ተሕዋሱንም በአንድ ላይ ሊያገኝ ይችላልና ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

9. ከብቶቹን አስብ።

ይህን የከተማ መጽሐፍ አይነግርህም። ላም ስትበላ አትመርጥም፤ ሣሩን በምላሷ ጠቅልላ ትውጣለች። በሣርና በጭድ ውስጥ የገባ ሽቦና የብረት ስንጣሪ አብሮ ይገባል። ከባድ ነገር የሚያርፈው ከአራቱ የሆዷ ክፍሎች በሁለተኛው ነው፤ እሱም ከልቧ አጠገብ ነው። ሆዷ ሲኮማተር ስንጣሪው ግድግዳውን ይበሳል፣ አንዳንዴም እስከ ልቧ ይደርሳል። ከብቷ መብላት ትተዋለች፣ ወተቷ ይቀንሳል፣ ጀርባዋን አጉብጣ ትቆማለች። በውጭ አገር ያሉ አርቢዎች ብረቱን እንዲይዝ ላሞቻቸውን ማግኔት ያስውጣሉ፤ ለእኛ የሚቀለው ብረቱ ከመኖ እንዳይደርስ ማድረግ ነው።

በግቢ የተበተነ ብረት በእበቱም ይመጣል። ኩበት የሚጠፈጠፈው በእጅ ነው፤ የምትጠፈጥፈውም እናትህ ወይም እህትህ ናት። ስለዚህ ጥራጊህን አውድማ ጥግ፣ የእበት ጉድጓድ፣ የጓሮ አትክልት ውስጥ አትድፋ። ጭዱ ከሥራ ቤትህ ርቆ ይከመር። በሳምንት አንድ ቀንም ማግኔትህን ይዘህ ከደጃፍህ እስከ በረቱ ያለውን መሬት ዳስስ።

10. የተቃጠለ ዘይት ወዳጅህ አይደለም።

ከጋራዥ በነጻ ስለሚገኝ በተቃጠለ የሞተር ዘይት እያቀዘቀዙ የሚቆርጡ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በደንብ ያልተጣሩ የማዕድን ዘይቶችን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡት ነገሮች ጎራ መድቧቸዋል። በሞተር ውስጥ የተቃጠለው ደግሞ ከእሳቱ የመጣ ጥቀርሻና የተፋቀ ብረት ተጨምሮበታል። ለቆረጣ የተሠራውን ዘይት ግዛ፤ በብሩሽ ጠብ ጠብ እያደረግህ ከተጠቀምህ ጥቂቱ ብዙ ቀን ይቆይልሃል። በውኃ የሚበጠበጠውን ነጭ ዘይት ከያዝህ ሳይሸት ቀይረው፤ የሸተተ ዘይት ቆዳ ያቆስላል፣ የሚረጨው ጉምም ለሳንባ አይበጅም። ዘይት የጠጣ ጨርቅ በቱታህ ኪስ ይዘህ አትዋል።

የፈሰሰውን ሰጋቱራ አልብሰው፣ ሲጠጣው ሰብስበው። አሮጌውን ዘይት በጀሪካን ክደነውና ለሚሰበስቡ ስጥ። ወደ ቦይ ግን አትድፋ። ከዚህ አካባቢ የሚወርደው ውኃ የመገጭን ወንዝ ይዞ ጣና ይገባል። የመገጭን ውኃ ከታች ሆኖ ለሽንኩርቱ የሚስበው ያ ፓምፑን ወደ አንተ ያመጣ ገበሬ ነው። ጣናም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበ ሐይቅ ነው። ከአንተ የሚጠበቀው አንድ ጀሪካን መክደን ብቻ ነው።

11. ሳይቃጠል በቅጠል።

የብረት ፍቅፋቂ ይነዳል ሲባል ብዙ ሰው አያምንም። ብረት ሲዝግ ሙቀት ያወጣል። ዘይትና እርጥበት የነካው ረቂቅ ፍቅፋቂ በብዛት ሲከመር ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ይግላል፣ ሊጨስም ይችላል። ለዚህም ነው አደገኛ ዕቃ በሚጓጓዝበት ዓለም አቀፍ ደንብ የብረት ፍቅፋቂ በራሱ ከሚግሉ ነገሮች ተቆጥሮ 2793 የሚል ቁጥር የተሰጠው። የአንተ አንድ ባልዲ ይህን ያህል አያሰጋም፤ ወራት ሙሉ በማዳበሪያ ከረጢት እያጨቅህ ከእንጨት ግድግዳ ሥር ብትከምረው ግን ያሰጋል። በደረቀ የብረት በርሜል፣ ክዳን ባለው፣ ከቤቱ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ዘይት የጠጣው ሰጋቱራና ጨርቅ በሌላ የተከደነ ቆርቆሮ ይሁን።

የግራይንደር ብልጭታ ሜትሮች ርቆ ይሄዳል። ግራይንደሩን ከማስነሣትህ በፊት ሰጋቱራውን፣ ጨርቁን፣ ቤንዚኑን አርቅ፤ ከጨረስህ በኋላም ጥቂት ቆይተህ ጥጉን ሁሉ ተመልከት። በአንድ ሞላ ብረትና አሉሚኒየም አትሳል። የአሉሚኒየም ብናኝና የዝገት ብናኝ ተቀላቅለው በኃይል ከጋሉ ብረት የሚያቀልጥ እሳት ያነሣሉ፤ የባቡር ሐዲድ የሚበየድበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። የብረት ብናኝ ከተያያዘ ውኃ አትድፋበት፤ ደረቅ አሸዋ አልብሰው። አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ ከደጃፍህ አይታጣ።

12. ለይተህ አጠራቅም፣ ለይተህ ሽጥ።

ብረት፣ ጊዛ፣ ነሐስ፣ አሉሚኒየም፣ መዳብ በየዕቃቸው ይግቡ፤ በቀለም ስማቸውን ጻፍባቸው። ነሐስና መዳብ ዋጋቸው ከብረት በብዙ ይበልጣል፤ ብረት ከተቀላቀለባቸው ግን ገዢው በብረት ዋጋ ያወርዳቸዋል፣ ወይም አይገዛህም። ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ብረት ስትሸጋገር ትሪውን ጥረግ፤ መለየቱ የሚጀምረው እዚያ ነው። አሉሚኒየም ውስጥ የቀረ ነሐስ እርሳሱን ይዞ ይሄዳል፤ ቀልጦ ድስት ቢሆን የሚበላበት ሰው አለና ይህን በሕሊናህም አስበው። ፍቅፋቂውን ከመሸጥህ በፊት ዘይቱን በወንፊት ላሜራ ላይ አንጠፍጥፈው፤ ዘይቱ ይተርፍሃል። ለገዢው በፌስታል ወይም በስስ ጆንያ አትስጠው፤ የሚሸከመው ሰው ጀርባ አለው።

13. ጽዳትን ከሥራው ሰዓት ቁጠረው።

«ስጨርስ እጠርጋለሁ» የሚል ሰው አይጠርግም፤ ሲጨርስ ይደክመዋልና። ከቀኑ ሥራ የመጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት የጽዳት ትሁን፤ ለደንበኛ ዋጋ ስትቆርጥም አብረህ ቁጠራት። ረዳቶች ሲኖሩህ ጽዳቱን በታናሹ ላይ ብቻ አትጫን። በማሽኑ የሠራው ሰው ማሽኑን ይጥረግ፤ አንዱ ወለሉን፣ አንዱ ማጠራቀሚያውን ይያዝ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ታናሹ ዋናውን ሠራተኛ፣ አንተን፣ መጥረጊያ ይዘህ ካየህ ጽዳትን የውርደት ሥራ አድርጎ አያድግም። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ትሪውን አውጥተህ ሥሩን ጥረግ፣ መከለያውን አጥብቅ፣ ብሩሹን እጠብ፣ የበርሜሉን ክዳን ፈትሽ።

ልጄ፣ ይህ አገር ብረት ሠሪን ያላከበረበት ዘመን ነበር። በጎንደር ዙሪያ፣ በወለቃና በሌሎች መንደሮች፣ ቤተ እስራኤላውያን ማረሻውን፣ ማጭዱንና ቢላዋውን እየቀጠቀጡ አገሩን ሲያኖሩ ክፉ ስም ይወጣላቸው ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ነሐስ አስቀልጠው ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ ትልቅ መድፍ በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ ሲያስጎትቱ የእጅ ሥራ የመንግሥት ጉዳይ መሆኑን አሳይተዋል። ዐፄ ምኒልክ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛውን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ስድቡን ከልክሏል፤ በየግቢው የሚኖረውን መከባበር ግን ሠራተኛውና ጎረቤቱ በየዕለቱ ይሠሩታል። ጎረቤትህ የቶርኖህን ድምፅ ታግሦ የሚያድረው ልጁ ከደጃፍህ ሲያልፍ እግሩ እንደማይደማ ሲያምንህ ነው።

ከዚህ ሁሉ ገንዘብ የሚጠይቀው ጥቂቱ ነው። ትሪው ከአሮጌ በርሜል፣ መንጠቆው ከቁራጭ ብረት፣ ማግኔቱ ከተበላሸ ስፒከር ይገኛል። መነጽሩን ግን ግዛው፤ ነገ ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት ግዛው። ከዚያ ትሪውን እጠፍ፣ መንጠቆውን በይድ፣ በርሜሉን ክደን። አደራህን፣ በአንተ ሥራ የተነሣ ከዚያ ግቢ አንድ ሰው እግሩ ደምቶ አይገኝ፣ አንዲት ላምም ሆዷ ተበስቶ አትገኝ። ሙያህን አክብረው፣ ያስከብርሃል።